ጣራ ላይ የሚሠራ ግድብ
በክረምት፣ ዝናብ በሌለበት፣ ቤታችን የሚያፈሰው ለምንድን ነው?

በፌብሩዋሪ ወር 2019 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ትልቋ ልጄ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። «አባዬ፣ አልጋዬ ላይ ይዘንባል» አለችኝ። ሕልም አይታ መስሎኝ እጇን ይዤ ወደ ክፍሏ መለስኳት። መብራቱን ሳበራው ግን እውነቷን ነበር። ከኮርኒሱ ጥግ ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ ብርድ ልብሷን አርሶታል። ውጭ ሁሉም ነገር በርዶ ደርቋል። ዝናብ የለም፤ በዚያ ብርድ ሊኖርም አይችልም። ታዲያ ይህ ውኃ ከየት መጣ?

በዚያ ወር እዚህ በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ 39 ኢንች ስኖው ወርዶ ነበር። በፌብሩዋሪ ወር ያን ያህል ወርዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ እኔና ባለቤቴ ሁለት ሁለት ሥራ ሠርተን፣ ዕቁብ ጥለን ባጠራቀምነው ገንዘብ ቤት ከገዛን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ቤቱን የገዛነው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ስለ በረዶ የሚያነሳ ሻጭም ሆነ ደላላ አላጋጠመንም።

ሲነጋ ከጎረቤት መሰላል ተውሼ መጥረቢያ ይዤ ጣራው ላይ ወጣሁ። በጣራው ጠርዝ፣ ከአሸንዳው በላይ፣ ከክንዴ የወፈረ የበረዶ ግንብ ቆሟል። ከጀርባው ውኃ ተኝቷል። ያን ግንብ መፍለጥ ጀመርኩ። ከበረዶው ጋር የጣራውን ሺንግል አብሬ እየፈለጥኩ መሆኔን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ እግሬ ከድቶኝ ወደ ጠርዙ ስንሸራተት የያዘኝ ያው ልሰብረው የወጣሁት በረዶ ነበር። ባለቤቴ ከታች ሆና የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ አንድ ጣራ ሠሪ መጣ። «ጣራህ አርጅቷል፤ አዲስ ካልሆነ መፍትሔ የለውም» አለኝ። አመንኩት። ተበድረን በዚያው በጋ ጣራው በሙሉ ተቀየረ። ቀጥለው የመጡት ክረምቶች በሰላም ስላለፉ ገንዘቡ አልቆጨኝም፤ እንዲያውም ለወዳጆቼ ምክር ሰጪ ሆኜ ነበር። የ2022–23 ክረምት መጣ። በዚያ ክረምት በመንትዮቹ ከተሞች 90.3 ኢንች ስኖው ወረደ፤ በታሪክ ከተመዘገቡት ክረምቶች ሦስተኛው መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 2023 አዲሱ ጣራዬ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ክፍል አፈሰሰ።

ይህን የምጽፈው የራሴን ሞኝነት ለማውራት አይደለም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኒሶታ፣ በቦስተን፣ በኮሎራዶ፣ ከድንበሩ ማዶም በቶሮንቶና በካልጋሪ ቤት እየገዙ ነው። እንደ እኔ መጥረቢያ ያነሱ፣ እንደ እኔ ያለ ቦታው ገንዘብ ያፈሰሱ እንዳሉም አውቃለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የነገሩን ሥር ካወቅነው መፍትሔው ከምናስበው ይቀላል።

ግድቡ እንዴት ይሠራል?

በቅድሚያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር። በአማርኛችን ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውም፣ ውኃ ሲደርቅ የሚሆነውም ሁሉ «በረዶ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለስላሳውን እዚህ ሁላችንም እንደምንለው «ስኖው»፣ ውኃ ደርቆ የሚጠጥረውን ደግሞ «በረዶ» እንበለው። ፈረንጆቹ «አይስ ዳም» የሚሉት በጣራ ጠርዝ ላይ የሚቆመውን የበረዶ ግድብ ነው።

የውጭው አየር ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች እስከሆነ ድረስ፣ ፀሐይ ካልበረታችበት በቀር፣ ጣራ ላይ የተኛ ስኖው መቅለጥ አልነበረበትም። የሚያቀልጠው ከሥሩ የሚመጣ ሙቀት ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ጠባዩ ነው። በኮርኒሱ ላይ ባለው ቀዳዳና ስንጥቅ ሁሉ ሾልኮ በኮርኒሱና በጣራው መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ፣ አቲክ ወደሚባለው፣ ይገባል። አቲኩ ሲሞቅ የጣራው ጣውላ ይሞቃል። በላዩ የተኛው ስኖውም እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል። ያን ጊዜ ስኖው ከታች በኩል፣ ማንም ሳያየው፣ መቅለጥ ይጀምራል።

የቀለጠው ውኃ በስኖው ሥር ቁልቁል ይወርዳል። ክፈፉ ላይ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ በወጣው የጣራ ክፍል ላይ ሲደርስ፣ ከሥሩ ሙቅ ክፍል ስለሌለ እንደገና በርዶ ይጠጥራል። ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ እየተደራረበ ግድብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውኃ መውጫ ያጣና ከግድቡ ጀርባ ይተኛል። ሺንግል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሮ የተሠራው ቁልቁል ለሚሮጥ ውኃ ነው፤ ለተኛ ውኃ አልተሠራም። ውኃው ወደኋላ ሽቅብ በሺንግሎቹ መካከል ሰርጎ፣ የምስማር ቀዳዳና የጣውላ መጋጠሚያ ፈልጎ ይገባል። መጀመሪያ ኢንሱሌሽኑን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ የልጅዎን አልጋ ያርሳል።

እንግዲህ ለግድቡ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ጣራ ላይ የተኛ ስኖው፣ ከ32 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ፣ ከላይ ሞቆ ከታች የቀዘቀዘ ጣራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፈጣሪ እጅ ናቸው። ሦስተኛው በእኛ እጅ ነው። በአገራችን የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ጭሱም ሙቀቱም በክዳኑ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ማንንም አይጎዳም። እዚህ ግን በጣራ የሚሾልክ ሙቀት ዞሮ ውኃ ሆኖ ይመለሳል።

«የምታቀልጠው አንተ ነህ»

ይህን ያስተማሩኝ ቤቶችን ከብርድ በመከላከል ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ አንድ ያገራችን ሰው ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በ2023 ለሁለተኛ ጊዜ ሲያፈስብኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ መጥተው ጣራዬን ይዩልኝ» አልኳቸው።

«ጣራህን ምን ላደርገው? አቲክህን ነው ማየት። መውጫው የት ነው?»

መውጫው በልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት። ቤቱን ከገዛሁ ጀምሮ ከፍቻት አላውቅም። ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው ክዳኗን ገፋ አደረጉና ወርደው እኔን ወደ ላይ ላኩኝ።

«እጅህን አስገባ። ምን ይሰማሃል?»

«ሞቅ ይላል።»

«አየህ፣ እዚያ መብረድ ነበረበት። ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ መሆን ነበረበት። ስኖውህን የምታቀልጠው አንተ ነህ፤ ለዚያውም ለጋዝ ኩባንያው እየከፈልክ።»

በባትሪ ሲያበሩልኝ ከጣራው ጣውላ የወጡት የምስማር ጫፎች በሙሉ አመዳይ ለብሰው ነጭ ሆነዋል። የቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ እዚያ በርዷል ማለት ነው። ከዚያ ጥፋቶቼን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ።

አንደኛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ ወደ ውጭ አልወጣም። አቲኩ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። አምስት ሰው በየቀኑ ገላውን የታጠበበት እንፋሎት በሙሉ እዚያ ሲራገፍ ኖሯል። ሁለተኛ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ፋንም እንደዚሁ ነበር። እናቴ እኛ ጋ በቆየችበት ወራት እንጀራ ስትጋግር አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት የት እንደሚሄድ ያን ቀን ገባኝ። ሦስተኛ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። አራተኛ፣ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩት መብራቶች ሁሉ በየቀዳዳቸው ዙሪያ ክፍት ናቸው። አምስተኛ፣ የመውጫዋ ክዳን አንድ ስስ ጣውላ ናት፤ በክረምት መስኮት ከፍቶ እንደመተው ነው።

ስድስተኛው የቤቱ አሠራር ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች አንድ ፎቅ ተኩል ናቸው፤ ላይኛው ክፍል ኮርኒሱ በጣራው ተዳፋት የተሠራና ግድግዳው አጭር ነው። ከነዚያ አጫጭር ግድግዳዎች ጀርባ ያለው ባዶ ቦታና በተዳፋቱ ውስጥ ያለው ስስ ኢንሱሌሽን የበረዶ ግድብ ዋና መነሻ ነው። የልጄ አልጋ የነበረው በትክክል እዚያ ሥር ነው።

ሥራው በቅደም ተከተሉ

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ለዓመታት ያስተማሩት፣ ጋሼም አጥብቀው የነገሩኝ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን። ከኢንሱሌሽን በፊት በኮርኒሱ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ በፎምና በኮክ ይደፈናል። በጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን ፎም ክልክል ነው፤ በቆርቆሮና ሙቀት በሚችል ኮክ ብቻ ይዘጋል። የፋን ቱቦዎች በኢንሱሌሽን ተሸፍነው እስከ ውጭ ድረስ ይወጣሉ። የመውጫው ክዳን ዙሪያውን ላስቲክ ይደረግለታል፤ ከላዩም ኢንሱሌሽን ይጣበቅበታል።

ሁለተኛ ኢንሱሌሽን መጨመር። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ለአቲክ የሚመከረው ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። እንደ ኢንሱሌሽኑ ዓይነት ለአር-49 ብቻ ከ14 እስከ 20 ኢንች ከፍታ ይፈልጋል። አቲካችሁን ስትከፍቱ ኢንሱሌሽኑ ከአግዳሚ እንጨቶቹ ጋር እኩል ከሆነ በቂ አይደለም። ቀዳዳው ሳይደፈን ኢንሱሌሽን መጨመር ግን የተቀደደ ጃኬት ላይ ሹራብ መደረብ ነው፤ ነፋሱ በመካከል ያልፋል።

ሦስተኛ አየር ማስገቢያ። ከክፈፉ ሥር ቀዝቃዛ አየር ገብቶ በጣራው አናት መውጣት አለበት። የተለመደው መለኪያ፣ ማስገቢያው ከታችም ከላይም ተመጣጥኖ ከተሠራ፣ ለየ300 ካሬ ጫማ የአቲክ ወለል አንድ ካሬ ጫማ ክፍት ቦታ ነው፤ ካልተመጣጠነ ለየ150 ካሬ ጫማ። ኢንሱሌሽኑ የታችኛውን ማስገቢያ እንዳይደፍነው መከለያ ይደረጋል። አንዳንድ ነጋዴዎች አቲክ ውስጥ ትልቅ ፋን እንግጠምላችሁ ይላሉ። ቀዳዳው ሳይደፈን የተገጠመ ፋን ከቤታችሁ የሞቀ አየር እየሳበ ነገሩን ያብሳል።

ቀዳዳው የት የት እንዳለ በግምት መፈለግ አያስፈልግም። የቤት ኃይል መርማሪዎች በበሩ ላይ ትልቅ ፋን ገጥመው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባሉ፤ ከዚያ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ ሲያዩ ነፋስ የሚገባበት ሁሉ ተለይቶ ይታያል። በሚኒያፖሊስ የሚገኘው ሴንተር ፎር ኢነርጂ ኤንድ ኢንቫይሮንመንት ከመብራትና ከጋዝ ኩባንያዎቹ ጋር ሆኖ እንዲህ ያለ ጉብኝት ያደርጋል። የጋዝና የመብራት ሂሳባችሁ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

ራሳችን እንሥራው ለምትሉ አራት ማስጠንቀቂያ አለ። አቲክ ውስጥ የሚረገጠው አግዳሚው እንጨት ብቻ ነው፤ በመካከሉ ከረገጣችሁ እግራችሁ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ይወጣል። አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድና የተቀበሩ መብራቶች ኢንሱሌሽን ከመልበሳቸው በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታዩ፤ ሁሉም መሸፈን አይችሉምና እሳት ያስነሳሉ። ቤት በደንብ ሲደፈን ፈርነሱና የውኃ ማሞቂያው ጭሳቸውን በትክክል ማስወጣታቸው ይመርመር፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከመኝታ ክፍሎች አጠገብ ይኑር። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ኢንሱሌሽናችሁ ጠጠር የመሰለ፣ ግራጫማ ወይም ወርቅማ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አትንኩት። ቨርሚኩላይት ይባላል። ብዙው እስከ 1990 ይሠራ ከነበረው በሞንታና ሊቢ ከተማ ካለ ማዕድን የመጣ ሲሆን ሳንባን የሚገድል አስቤስቶስ ነበረበት። ከሚዘጋጅባቸው ፋብሪካዎች አንዱ በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ነበር። ካያችሁት ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉና የአስቤስቶስ ባለሙያ ጥሩ።

ግድቡ አሁን ከተሠራስ?

ውኃ ቤት ውስጥ እየገባ ከሆነ ለመምከር ጊዜ የለም። ዕቃ አሽሹ፤ ባልዲ አስቀምጡ። ውኃው በመብራት አጠገብ ከሆነ የዚያን ክፍል መብራት ከዋናው ሳጥን አጥፉ። ኮርኒሱ ውኃ ቋጥሮ እንደ ከረጢት ከተነፋ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ፣ ራሳችሁ ገለል ብላችሁ፣ በመፍቻ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ብሱበት፤ አለዚያ ሙሉው ኮርኒስ ይወርዳል። ሁሉንም ፎቶ አንሱ። የረሰሰው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዛል።

ለግድቡ ለራሱ መጥረቢያ፣ መዶሻና አካፋ አታንሱ። ጣራ ላይም አትውጡ። የበረደ ጣራ ላይ የቆመ ሰው ከወደቀ የሚጠፋው ሺንግል ብቻ አይደለም። የገበታ ጨውም አትበትኑ፤ ጨው ቆርቆሮንና አትክልትን ይጎዳል። ለጊዜው ማስተንፈሻ ካልሲየም ክሎራይድ በሴቶች ስስ የእግር ሹራብ ሞልቶ ግድቡ ላይ በቁመቱ ማጋደም ይቻላል፤ ቀስ እያለ ለውኃው መውጫ ቦይ ይከፍትለታል። ግድቡን በሙሉ ማስነሳት ካስፈለገ በእንፋሎት የሚሠሩትን ጥሩ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ሙቅ ውኃ የሚጠቀሙት ሺንግሉን ይልጡታል፤ ስትደውሉ በቅድሚያ ይህን ጠይቁ።

ግድብ ሳይሠራ ስኖውን ማንሳት ደግሞ የሁላችንም ሥራ ሊሆን ይችላል። እጀታው ረጅም የሆነ የጣራ መጥረጊያ በየሃርድዌር ሱቁ ይሸጣል። ስድስት ኢንችና ከዚያ በላይ ስኖው በወረደ ቁጥር መሬት ላይ ቆማችሁ የጣራውን ጠርዝ ቢያንስ ሦስት አራት ጫማ ያህል ሳቡት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቁ፤ ሕፃናትን ከክፈፉ ሥር አርቁ። ተንጠልጥለው የሚታዩት ረጃጅም የበረዶ ዘንጎች ለፎቶ ያምራሉ፤ ሲወድቁ ግን ሰው ይጎዳሉ፤ የጋዝ ቆጣሪና የፈርነስ ጭስ ማውጫ ቱቦ ይሰብራሉ።

በጣራ ጠርዝ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድም አለ። ለውኃው ቦይ ይከፍታል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ የመብራት ሂሳብም ያስከፍላል።

ስለ ገንዘቡ

የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ። አብዛኛው የቤት ኢንሹራንስ ከበረዶ ግድብ በድንገት የገባ ውኃ ያበላሸውን ኮርኒስና ግድግዳ ይከፍላል፤ ግን መጀመሪያ ከእናንተ የሚጠበቀውን ድርሻ ቀንሶ ነው። ግድቡን ማስነሻውንና አቲኩን ማሠሪያውን ብዙዎቹ አይከፍሉም። በየዓመቱ እያፈሰሰ ዝም ከተባለ ደግሞ «በቸልተኝነት ነው» ብለው ሊከለክሉ ይችላሉ። ስለዚህ ማስረጃችሁን ያዙ።

ስኖው በበዛበት ዓመት በር የሚያንኳኳ ጣራ ሠሪ ይበዛል። ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም፤ ግን በዚያው ሰዓት አትፈርሙ። በሚኒሶታ ጣራ ሠሪ ከስቴቱ ሌበር ኤንድ ኢንዱስትሪ መምሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ጠይቃችሁ አጣሩ። «ከኢንሹራንሱ የእናንተን ድርሻ እኔ እሸፍናለሁ» የሚል ካለ ሸኙት፤ በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ነው። ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁን ውል በፌዴራሉ ደንብ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማፍረስ ትችላላችሁ። ኢንሱሌሽን ላስገባ ሰው 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር ይመልስ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ ዛሬም አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ጣራችሁ በእርግጥ አርጅቶ ከሆነ ይቀየር። ሲቀየር በጠርዙ በኩል ከሺንግሉ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ተጣባቂ ሽፋን መደረጉን ጠይቁ፤ ከጠርዙ ጀምሮ ከውጭ ግድግዳው ወደ ውስጥ ቢያንስ 24 ኢንች መግባት አለበት። ይህ ውኃው ወደ ቤት እንዳይገባ ይረዳል። ግድቡ እንዳይሠራ ግን አያደርግም፤ ያን የሚያደርገው የአቲኩ ሥራ ብቻ ነው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች በፌዴራል መንግሥት ከ1976 ጀምሮ የቆየው የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ቀዳዳ መድፈንና ኢንሱሌሽን ያለ ክፍያ ይሠራል። በሚኒሶታ የሚመለከተው ለማሞቂያ እርዳታ በሚሞላው በዚያው ማመልከቻ ነው። ተራው ሊረዝም ስለሚችል በጊዜ አመልክቱ። ተከራዮችም በአከራዩ ፈቃድ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ቅጹን መሙላት ያስቸገራቸው አዛውንቶች በየአካባቢያችን አሉ፤ አንድ ምሽት ወስደን አብረናቸው ብንሞላ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ መጥረቢያም መሰላልም አያሻችሁም። ኮርኒሱ ላይ እድፍ እንዳያችሁ ለአከራያችሁ ቀን ባለበት ጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ። በሚኒሶታ ሕግ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ የሚመች አድርጎ የመጠገን ግዴታ አለበት። «አገር ስለማናውቅ» ብሎ ዝም ማለት ሻጋታ ላይ ልጅ ማሳደግ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩ

የኔ ቤት ሥራ በ2023 መኸር ላይ አለቀ። የጠየቀኝ ገንዘብ ለአዲሱ ጣራ ከከፈልኩት አንድ አምስተኛ አልሞላም። የ2023–24 ክረምት ስኖው እምብዛም ያልታየበት ስለነበረ ያን ዓመት አልተኩራራሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ስኖው በወረደ ማግሥት አንድ ልማድ አለኝ። ጋሼ ያስተማሩኝ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከመንገዱ ማዶ እሻገርና ዞሬ ጣራዬን አያለሁ። ስኖው ከወረደ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በአናቱ ጥቁር ሆኖ በጠርዙ በረዶ ያንጠለጠለ ጣራ ሙቀት የሚያፈስ ቤት ነው። ከአናቱ እስከ ጠርዙ እኩል ነጭ ሆኖ የቆየ ጣራ ሙቀቱን ለልጆቹ ያስቀረ ቤት ነው። ከጎረቤቶቻችሁ ጣራዎች ጋር አስተያዩት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የትኛው ቤት እንደሚያፈስ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ጊዜ ልጄ አብራኝ ተሻግራ ነበር። ቀና ብላ አየችና «አባዬ፣ የኛ ነጭ ነው» አለችኝ። ያ አልጋዋ ዛሬም እዚያው ተዳፋቱ ሥር ነው።

መጥረቢያ የሚያስነሳው ወር ከመምጣቱ በፊት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ አንድ ቅዳሜ መሰላል አቁማችሁ ያችን የአቲክ ክዳን ክፈቱ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ስኖው ባያዩም ነገሩን አውቀውታል። ቸር ክረምት ያድርግልን።